መስታወቱን ሳያዞር የፈረደው ሰው

የምሠራው መነጽር ቤት ውስጥ ነው። ፍሬም አወጣለሁ፣ አቧራ እጠርጋለሁ፣ ደንበኛ ሲመጣ "ይሄ ያምርብዎታል" እላለሁ። ጽሑፍ የሚባል ነገር ጽፌ አላውቅም፤ ለእህቴ እንኳን ስጽፍ ከሦስት መስመር አላልፍም። ይሄን የምጽፈው ዝም ማለት ስላቃተኝ ነው፤ ካበላሸሁት ይቅር በሉኝ።

ሰውየውን ያወቅኩት በአንድ ሌንስ ምክንያት ነው። አንዲት ደንበኛ አዲሱ መነጽሯ ራሷን እያመማት ሦስት ጊዜ ተመላለሰች። አለቃዬ ቢቸግረው "እዛ ወርክሾፕ ሂጂና መስመር ለሚሉት ሰውዬ አሳዪው፤ የመስታወት ነገር ከሱ አያመልጥም" ብሎ ላከኝ። ወርክሾፑ ከሱቃችን ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ነው። የሱ ክፍል ደግሞ ምድር ቤት፣ አሥራ አራት ደረጃ ወርዶ። በሩ ላይ "ጫማ አውልቁ፣ አትሩጡ፣ አታስነጥሱ" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ማስነጠስ እንዴት ይከለከላል እያልኩ ገባሁ።

ሌንሱን ተቀብሎኝ መሣሪያው ላይ አስቀምጦ አየ። ትንሽ አዞረውና ደግሞ አየ። ደግሞ አዞረው። እኔ ቸኩያለሁ።

"ጋሼ፣ አየኸው አይደል እንዴ?" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝና "አንዴ ብቻ አይቼ የፈረድኩበት ሰው አለ" አለኝ። ወደ ሌንሱም ተመለሰ። ሌንሱ ምንም እንደማይጎድለው፣ ፍሬሙ ግን ጨምድዶ ይዞ እንዳጣመመው ነግሮ ሸኘኝ።

ከዛ ወዲህ ሌንስ በተጠራጠርን ቁጥር የምላከው እኔ ሆንኩ። ታሪኩንም በአንድ ቀን አይደለም የሰማሁት፤ ቁራጭ ቁራጩን ነው። ልጽፈው ብዬ ስጠይቀው "ጻፊው፤ ጥፋቴን ግን እንዳታሳንሺው" አለኝ። እንግዲህ አላሳንሰውም።

መስመር ወርክሾፑ የገባው ሃያ አንድ ዓመቱ ላይ ነው። መስመር ያሉት የሥራ ጓደኞቹ ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ መስመር ሲያይ ስለሚውል። ሥራው መስታወት መለካት ነው። መሣሪያው ኢንተርፌሮሜትር ይባላል። እኔ እንደገባኝ፣ አንዱን ብርሃን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ግማሹን እንከን የለውም ወደተባለ መስታወት ይልከዋል፣ ግማሹን ወደሚመረመረው መስታወት። ሁለቱ ተመልሰው ሲገናኙ ጥቁርና ነጭ መስመር እየሆኑ ይታያሉ፣ እንደ ሸንተረር ጨርቅ። የሚመረመረው መስታወት ፊቱ ልክ ከሆነ መስመሮቹ ቀጥ ይላሉ። ከጎበጠ ይጎብጣሉ። ፀጉር ለሁለት መቶ ቢሰነጠቅ፣ የአንዷን ስንጣሪ ያህል እንኳን ቢጎብጥ ያሳብቃሉ።

ምድር ቤት ያደረጉትም ለዚህ ነው። ጠረጴዛው የቆመው አሸዋ ላይ በተጋደመ ሲሚንቶ ላይ ነው። ውጪ ከባድ መኪና ሲያልፍ መስመሮቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ ሰው ሲያስነጥስ ይጠፋሉ። እጁን አጠገቡ ቢያቆም የእጁ ሙቀት ብቻ ያወዛውዛቸዋል።

ያንን እንከን የለውም የተባለውን መስታወት ሠራተኛው ሁሉ "ዳኛው" ይለዋል። ከፋብሪካው ማረጋገጫ ወረቀት ይዞ የመጣ ነው። ዳኛው ጎበጥክ ካለህ ጎብጠሃል፤ ይግባኝ የለም።

ፎቅ ላይ ደግሞ መስታወት የሚያለሰልሱት ሽማግሌ ነበሩ። ቀይ ጣት ይሏቸዋል። መስታወት የሚታሸው በሬንጅና በአንድ ቀይ ዱቄት ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ስላሹ ቀለሙ ጥፍራቸው ውስጥ ገብቶ አልወጣም ብሏል። ሚስታቸው "ስታገባኝ በሂና ሳይሆን በዝገት ተሞሽረህ ነው" እያሉ ይቀልዱባቸዋል።

መስመርን ሙያውን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። መለካት የሱ ሥራ ቢሆንም የመስታወትን ጠባይ የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ። ሁለት ነገር ነው የነገሩት። አንደኛው "መስታወትና የተናደደ ሰው ሳይበርዱ አይለኩም" ነው። ሁለተኛው "ሳታዞር አትፍረድ"።

ሁለተኛውን ላስረዳ፣ ነገሩ ሁሉ እሱ ላይ ስለሆነ። መስታወቱን አስቀምጠህ ስታይ መስመሩ ጎበጠ እንበል። ጥፋቱ የመስታወቱ ይሁን የመሣሪያው አታውቅም። ስለዚህ መስታወቱን ሩብ ዙር ታዞረዋለህ። ጉብጠቱ አብሮት ከዞረ ጥፋቱ የራሱ የመስታወቱ ነው። መስታወቱ ዞሮ ጉብጠቱ በቦታው ከቀረ ግን ጥፋተኛው መሣሪያው ነው። በቃ ይሄው ነው። ሕፃን የሚችለው ነገር ነው።

መስመር ሃያ ስምንት ዓመቱ ላይ ወርክሾፑ አንድ ትልቅ ሥራ መጣለት። የመሥሪያ ቤቱ የምርምር ክፍል ግሬቲንግ ሊሠራ ፈለገ። ግሬቲንግ ማለት በአልማዝ ጫፍ፣ በአንዲት ሚሊሜትር ውስጥ ስድስት መቶ ጭረት የተጫረበት መስታወት ነው። ብርሃን ሲያርፍበት በየቀለሙ ይበትነዋል፤ ሲዲ ገልብጣችሁ ስታዩ እንደሚታየው፣ እሱ ግን እጅግ የጠራ ነው። ጭረቱ የሚሰመርበት መስታወት ራሱ ከጎበጠ ቀለሙ ሁሉ ይደበላለቃል። ስለዚህ ስድስት ፍጹም ጠፍጣፋ መስታወት ያስፈልጋል ተባለ። ቀይ ጣት ሁለት ወር ሙሉ አሿቸው።

ሊጨርሱ ሲሉ ነው እንግዲህ ያቺ የምሳ ሰዓት የመጣችው። ሠራተኛው ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተደርድሮ እየበላ፣ ቀይ ጣት ጨዋታ አመጡ።

"ይሄ ልጅ ከመስመር ሌላ ምን ያያል?" አሉ፣ በማንኪያቸው እየጠቆሙት። "ሚስቱ ፀጉሯን ተላጭታ ብትጠብቀው እኮ 'ዛሬ መብራቱ በርትቷል' ነው የሚላት!"

ሰው በሳቅ ፈረሰ። ጸሐፊዋ ሻይዋ ትን አላት።

መስመር አልሳቀም። የዛኑ ሳምንት ሚስቱ ፀጉሯን ተቆርጣ ሦስት ቀን ሙሉ ሳያይላት ቀርቶ ተኳርፈው ነበር። ሚስቱ ለቀይ ጣት ሚስት ነግራ፣ የቤቱ ገበና አደባባይ የወጣ መሰለው። ኋላ ሚስቱ እንደነገረችው ለማንም ትንፍሽ አላለችም፤ ሽማግሌው በግምት ያመጡት ቀልድ ነው። እሱ ግን ምሳውን እንኳን ሳይጨርስ ወደ ምድር ቤቱ ወረደ።

የዛን ዕለት በዓመት አንዴ ዳኛውን አውጥቶ የሚያጸዳበት ቀን ነበር። አጸዳው፣ ቀለበቱ ውስጥ መለሰው፣ ሦስቱን ብሎኖች በካቻቢቴ አጠበቀ። ብሎኖቹ ካቻቢቴው በሁለት ጣት ተይዞ፣ እየተሳሳላቸው ነው የሚጠብቁት። እሱ ግን እጁ ላይ ንዴት ነበረ።

በማግሥቱ ጠዋት ስድስቱ መስታወቶች መጡ። የመጀመሪያውን አስቀመጠ። መስመሮቹ እንደ ቀስት ጎብጠዋል። ሁለተኛውም ጎበጠ። ሦስተኛውም። ስድስቱም።

እዚህ ጋ ማዞር ነበረበት። ለማዞር መስታወቱን በእጅ መንካት አለ፤ የእጁ ሙቀት እስኪወጣለት ደግሞ አንድ ሰዓት መጠበቅ አለ። ለስድስቱ ስድስት ሰዓት። "በስንፍና ነው ብልሽ ደስ ባለኝ" አለኝ አንድ ቀን። "ሆዴ ውስጥ ግን ሌላ ነገር ነበር። እሰይ የሚል ነገር።"

ስድስት ቅጽ ላይ "አያልፍም" ብሎ ጽፎ ለኃላፊው ወሰደ። ኃላፊው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ቅጾቹን አገላበጠ።

"ስድስቱም? የቀይ ጣት ሥራ?"

"ስድስቱም።"

"አዙረህ አይተሃል?"

"አዎ" አለ መስመር።

አንዲት ቃል ናት። ከአፉ ስትወጣ ክብደት አልነበራትም።

ቤቱ ሄዶ እጁን ሲታጠብ ነው አንድ ነገር ጭንቅላቱ ውስጥ የገባው። ስድስቱም የጎበጡት ወደ አንድ አቅጣጫ ነበር። ስድስት ሰው በአንድ ቀን፣ በአንድ እግሩ፣ በአንድ ዓይነት ያነክሳል? እጁን ሁለቴ ታጠበ። ነገ አዞራቸዋለሁ ብሎ አሰበ። ነገ ግን መስታወቶቹ ፎቅ ወጥተው ነበር፣ "አዎ"ም ከአፉ ወጥቶ ነበር።

ቀይ ጣት ስድስቱን መልሰው ሦስት ሳምንት አሿቸው። እራሳቸው የሠሩት የመሞከሪያ መስታወት ነበራቸው፤ እሱን ሥራቸው ላይ ደርበው ቢጫ መብራት ሥር ሲያዩት መስመሩ ቀጥ ይልላቸዋል። ዳኛው ጋ ሲወርድ ይጎብጣል። መስመር ሁለተኛውንም ጊዜ አላዞረም። ካዞረ መጀመሪያ እንዳላዞረ ሊታወቅበት ነው።

ሽማግሌው ወደ ምድር ቤቱ ወርደው፣ ጫማቸውን አውልቀው በካልሲ ቆሙ።

"በኔ መስታወት ቀጥ ብሎ ነው የሚታየኝ" አሉ።

"ዳኛው ግን..."

"ዳኛው ካለማ አለ። ወረቀት ያለው እሱ ነው። የኔ መስታወት በእጄ የተሠራ ነው፣ የማየውም በዓይኔ።" ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ አሹ። "ዓይኔ ነው ልጄ። ከድቶኛል።"

ማንም አላባረራቸውም። በሳምንቱ ሽርጣቸውን አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ ሰው ሁሉ ለምን ሲላቸው "ማየት የማይችል ሰው የማይታይ ነገር አይሠራም" ብለው ወጡ። ሊወጡ ሲሉ ያንን የመሞከሪያ መስታወታቸውን በለስላሳ ወረቀት ጠቅልለው ለመስመር ሰጡት።

"አንተ ዓይን አለህ። ላንተ ይሁን።"

ተቀበላቸው። እጁ እንዴት እንዳልተቆረጠ እስከ ዛሬ ይገርመዋል።

አራት ወር አለፈ። በመካከሉ ሌላው ሥራ ሁሉ ሌንስ ስለነበረ፣ ሌንስ ደግሞ የሚለካበት የራሱ ሌላ መስታወት ስላለው፣ ዳኛውን የፈለገው ሰው የለም። ከዛ ለግሬቲንጉ በቀይ ጣት መስታወቶች ፈንታ ከውጪ የታዘዙት መስታወቶች መጡ፣ እያንዳንዱ ከነማረጋገጫው። መስመር የመጀመሪያውን አስቀመጠ። ጎበጠ። በዛው አቅጣጫ፣ በዛው መጠን።

ይሄኔ አዞረው። ልብ በሉልኝ፤ ለማያውቀው ሰው መስታወት፣ ወረቀት ስላለው ብቻ፣ ለአስተማሪው ያላደረገውን አደረገ። አንድ ሰዓት ጠብቆ አየ። መስታወቱ ዞሯል፣ ጉብጠቱ በቦታው አለ።

ካቻቢቴውን አንስቶ አንዷን ብሎን ሩብ ዙር አላላት። መስመሮቹ ዓይኑ እያየ ቀጥ አሉ፣ እንደተወጠረ ገመድ። ጥፋተኛው ዳኛው ነበር፤ ዳኛውን ያጣመመው ደግሞ የሱ እጅ። የቀይ ጣትን ስድስት መስታወቶች ከቁም ሳጥን አወጣ። ሁሉንም ለካ፣ ሁሉንም አዞረ። ስድስቱም ወረቀት ካላቸው ይበልጡ ነበር።

ለሚስቱ ነገራት።

"ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ሄደህ ንገራቸው" አለችው።

"ነገ።"

ያቺ ነገ አሥራ አንድ ዓመት ሆነች። መጀመሪያ ሥራዬን አጣለሁ ብሎ ፈራ። ከዛ ሽማግሌው ለምደውታል ብሎ ራሱን አታለለ። ከዛ ደግሞ ዘግይቻለሁ አለ፤ እየዘገየ በሄደ ቁጥር መዘግየቱ ራሱ ሌላ ጥፋት ሆነበት። አንዳንዴ መንገድ ላይ ያያቸዋል። የሚስታቸውን ክንድ ይዘው፣ ደረጃ በእግራቸው እየዳበሱ ነው የሚሄዱት። ድሮ የጎረቤት ሰዓት ይጠግኑ ነበር፣ እሱንም ትተውታል። ወረቀት ሲሰጣቸው "አንብቡልኝ" ይላሉ። ደህና ዓይን ይዘው ዓይነ ስውር ሆነው ኖሩ። እሱ ይሄን ሲያይ መንገድ ተሻግሮ ይሄዳል።

አሁን ባለፈው ዓመት ነው፤ እኔ ሌንስ ይዤለት ሄጄ፣ ላስቀው ብዬ የሱቅ ወሬ አወራሁት።

"ጋሼ፣ ትናንት አንድ ሽማግሌ በሚስታቸው ተጎትተው መጥተው ዓይናቸውን ተመረመሩ። ሐኪሙ 'አባባ፣ ለዕድሜዎ በጣም ደህና ነው፤ የማንበቢያ ብቻ ነው የሚያስፈልግዎት' ሲላቸው ምን ቢሉት ጥሩ ነው? 'መሣሪያህ ተበላሽቷል!' ተጣሉ እኮ! እኔ ዓይኔን አውቀዋለሁ አሉ። ጥፍራቸው ደግሞ ቀይ..."

ሳቄ አፌ ላይ ቀረ። መስመር ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ይዟል።

ቅዳሜ ጠዋት ከስድስቱ መስታወቶች አንዱን፣ የሽማግሌውን መሞከሪያ መስታወትና ቢጫውን መብራት በካርቶን ይዞ ቤታቸው ሄደ። በሩን የከፈቱት ሚስታቸው ናቸው።

"እንዴ! ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች? መስመር መንገድ ስቶ መጣ?"

ቀይ ጣት ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው ተቀምጠዋል። መስመር ሰላምታውን እንኳን በቅጡ አልጨረሰም። መብራቱን ሰካ፣ መስታወቱን መሞከሪያው ላይ ደረበ።

"ጋሼ፣ እስኪ ይዩልኝ።"

"እኔ ምን አያለሁ? ልትቀልድብኝ ነው የመጣኸው?"

"ይዩልኝ፣ በሞቴ።"

ሽማግሌው ጎንበስ አሉ። "መስመር አለ። ቀጥ ያለ ነው። ግን የኔ ዓይን..."

"ያዙሩት።"

በሁለት ጣት አዞሩት፣ እንደ ድሮው፣ ሳይጫኑ። እጃቸው አልረሳም። ከዛ ሙቀቱ እስኪወጣ ማንም ሳይነግራቸው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጠበቁ። ሚስታቸው ቆመው ይጠብቃሉ። ደግሞ ጎንበስ ብለው አዩ።

"አሁንም ቀጥ ያለ ነው። የማን እጅ ነው ይሄ? ጎበዝ ነው።"

መስታወቱን አንስተው ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ዳበሱ። ጠርዙ ላይ ሦስት ትንንሽ ጭረቶች አሉ። እራሳቸው የጫሯቸው።

"የኔ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ሦስተኛው።"

"አላዞርኩትም ነበር ጋሼ።"

"ለኃላፊው አዙሬዋለሁ ብለህ ነበር።"

"ዋሸሁ። ዳኛውን አጥብቄ ያጣመምኩት እኔ ነኝ። ዓይንዎ ምንም አልሆነም። ምንም ሆኖ አያውቅም።"

ሚስታቸው ወንበር ስበው ተቀመጡ። "አሥራ አንድ ዓመት" አሉ፣ "አሥራ አንድ ዓመት መርፌ ውስጥ ክር የማስገባው እኔ ነኝ! እኔ እንኳን የማላይ!" ሊቀልዱ ፈልገው ነበር፤ ድምፃቸው ግን ተሰበረ።

ቀይ ጣት አልጮኹም። "መቼ ነው ያወቅከው?" ብቻ አሉ።

መስመር ይሄን ጥያቄ አሥራ አንድ ዓመት ሲፈራው ኖሯል። መዋሸት ይችል ነበር። ትናንት ነው ቢል ማን ያውቅበታል?

"በአራተኛው ወር" አለ።

ሽማግሌው መስታወቱን በወረቀቱ ጠቀለሉት፣ እንደ ሕፃን እየተጠነቀቁ።

"ብሎን ሁሉም ያጠብቃል። እኔም አጥብቄ አውቃለሁ። ስለ ብሎኑ አልቀየምህም። ውሸቱም በወጣትነት ነው እንበል። የቀሩት ዓመታት ግን..." የተጠቀለለውን መስታወት ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። "አሁን ሂድ። መስታወቱን ተወው።"

ሄደ። ሰኞ ጠዋት አዲሱ ኃላፊ ጋ ገብቶ የድሮዎቹን ስድስት ቅጾች አስወጣና፣ በየአንዳንዱ ላይ በእጁ "የመሣሪያ ስህተት፤ መስታወቱ ልክ ነው፤ የለካው ሰው ሳያዞር አዙሬያለሁ ብሏል" ብሎ ጽፎ ፈረመ። ኃላፊው "ይሄ ሁሉ ዝርዝር ምን ያደርጋል?" አለው። "ያደርጋል" አለ። ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት፤ ያንን ወረቀት ከመሣሪያው በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፎታል፣ እኔም አይቼዋለሁ።

ሦስት ሳምንት ምንም አልተሰማም። በአራተኛው፣ አንድ ጠዋት፣ ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ ሰማ። ቀስ ያለ ነው፣ ግን አይዳብስም። ቆጠረው፤ አሥራ አራት። ጫማ ሲወልቅ ተሰማ። ቀይ ጣት ብቻቸውን፣ የማንንም ክንድ ሳይዙ በሩ ላይ ቆሙ።

"አምስቱስ የት አሉ?" አሉ።

ስድስቱም ዛሬ ሽማግሌው ቤት ናቸው። አንዱ ግን መጀመሪያ ምርምር ክፍል ሄዶ ጭረቱ ተጭሮበት፣ ግሬቲንግ ሆኖ ነው የተመለሰው። መስኮታቸው ላይ ተሰቅሏል፤ ጠዋት ፀሐይ ስትገባ ግድግዳው ሙሉ ቀለም ይሆናል። ሚስታቸው "ቤቴን ያለ ቀለም ቀቢ አስቀባሁት" ይላሉ። ቀይ ጣት ወንበራቸውን አዙረው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አድርገዋል። የጎረቤት ሰዓትም መጠገን ጀምረዋል።

መስመር ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት እዛው ነው የሚውለው። አብረው መስታወት ያሻሉ፤ ሽማግሌው ያዛሉ፣ እሱ ይታዘዛል። ይቀልዱበታል፣ ይስቃል። ሲስቅ ግን ቀድሞ ፊታቸውን ያያል፤ ይፈቀድልኝ ይሆን እንደሚል ሰው። "ይቅር ብዬሃለሁ" አላሉትም። እሱም አልጠየቀም።

እባካችሁ ሂዱና ጠይቋቸው። ቤቱ ከወርክሾፑ ጀርባ፣ የብረት በር ያለው ሦስተኛው ነው፤ ከጠፋችሁ ሱቃችን ኑ፣ እኔው አደርሳችኋለሁ። ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፤ የተሰበረም ይሁን የተጫረ፣ አንድ ቁራጭ መስታወት ያዙ፣ ሽማግሌው ደስ ይላቸዋል። ቢጫው መብራት ሥር አስቀምጠው "ምን ይታይሃል?" ይሏችኋል። ቶሎ አትመልሱ። መጀመሪያ አዙሩት። መስመርን ደግሞ ይቅርታ ተደረገልህ ወይ ብላችሁ አትጠይቁት፤ አጠገቡ ቁጭ በሉ፣ ያ ይበቃዋል።